በበረት የዋለው ክፍላችን

አሥመራ ወንዝ የላትም የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። አላት። ማይ በላ ይባላል። እኔ ተማሪ በነበርኩበት ዘመን፣ በተለይ በበጋ፣ ወንዝ ነው ብሎ ለመማል ትንሽ ድፍረት ይጠይቅ ነበር፤ የከተማውን እጣቢ ተሸክሞ፣ አላፊ አግዳሚውን አፍንጫ እያስያዘ፣ ከገበያው በታች ሾልኮ ያልፋል። እናቶቻችን «እዚያ ገብተሽ እንዳላይሽ» ይሉናል፤ እኛም ስለተከለከልን ብቻ እንገባለን። ቢሆንም ወንዝ ነው። የራሴን ወንዝ ሌላ ሰው ሲያማብኝ አልወድም።

ይህን ፍቅር ያስያዘኝ የተፈጥሮ ሳይንስ መምህራችን ነው። ስለ እሱ በአንቱታ መጻፍ አይሆንልኝም። ፊት ለፊት አንቱ እንለው ነበር፤ ግን ልጅ እግር ስለነበረ በልባችን የታላቅ ወንድም ቦታ ሰጥተነው ነበር። ከከተማው በስተደቡብ ካለ አንድ መንደር የተወለደ፣ አዲስ አበባ ተምሮ የተመለሰ ቀጭን ሰው ነው። ሲያስተምር እጁ አያርፍም። ሲስቅ ድምፁ ሁለት ክፍል አልፎ ይሰማል፤ ለዚህም ተግሣጽ ደርሶት ያውቃል።

በዚያን ጊዜ ኤርትራ የንጉሠ ነገሥቱ ጠቅላይ ግዛት ከሆነች ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። የትግርኛ መጻሕፍቶቻችን ከክፍል ወጥተው በአማርኛ ተተክተዋል። እኔ አማርኛውን ወደድኩት፤ አልዋሽም፤ ቶሎም ገባኝ። ብዙዎቹ ጓደኞቼ ግን ትምህርቱን ከመማራቸው በፊት ቋንቋውን መታገል ነበረባቸው። ስለ ወንዝ የሚናገረው ምዕራፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስለ ዐባይና ስለ አዋሽ ነው። ሁለቱንም አይተን አናውቅም። እንደ ውዳሴ ማርያም በቃል ሸመደድነውና ፈተናውን አለፍን።

መምህራችን ይህ አልዋጥ አለው። «ወንዝ ማለት ውሃው ብቻ አይደለም» ይለን ነበር። «ዳሩም ወንዝ ነው። ሣሩ፣ ሥሩ፣ ጭቃው፣ እንቁራሪቱ፣ ሁሉም። ዳሩን ያጠፋ ሰው ውሃውን ማንቆርቆሪያ ውስጥ ቢያስቀምጠውም ወንዝ የለውም።» ከዚያ ማይ በላ ዳር ወስዶ አስቆመንና ምን እንደጎደለ ጠየቀን። አፍንጫችንን ይዘን ስለነበር መልሳችን በደንብ አልተሰማም። እሱ የፈለገው ግን ያልጎደለበትን ወንዝ ሊያሳየን ነው፤ ወደ ከረን በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከአንድ መንደር በታች የሚወርድ ጅረት ያውቅ ነበር። ለዚያ ደግሞ የዲሬክተሩ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ዲሬክተራችን ከጎጃም የመጡ፣ ረጅም፣ ልብሳቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ጫማቸው ፊት የሚያሳይ ሰው ናቸው። ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ካለችበት የማትንቀሳቀስ ዝንብ ብትኖር እሷንም ያመሰግናሉ፤ የተንቀሳቀሰውን ግን ከሰልፍ ያስወጣሉ። በግቢው ውስጥ ትግርኛ ሲነገር ከሰሙ ግቢውን ያስጠርጉናል። ገዛ ባንዳ በሚባለው ሰፈር በአንዲት ክፍል ብቻቸውን ይኖሩ ነበር፤ ሚስትና ልጆቻቸው አገር ቤት ናቸው ይባላል። ከሥራ በኋላ ቡና ቤት ቆመው አንድ ማኪያቶ ይጠጡና ማንንም ሳያናግሩ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። እንፈራቸዋለን፤ ቡና ቤቱ ጋ ስናያቸው ግን እናዝንላቸው ነበር። ሁለቱም እውነት ነው።

መምህራችን ሙሉውን የሰባተኛ ክፍል ዓመት ለመናቸው። እምቢ አሉ። ከከተማ ውጪ ስለሚወራው ነገር፣ ስለ ጥይቱና ስለ ፍተሻው፣ ሁሉም ሰው በሹክሹክታ ያወራል። ልጆችን ይዞ መውጣት እብደት ይመስላል። ስምንተኛ ክፍል ስንገባ ግን፣ ምናልባት ልመናው ሰልችቷቸው፣ ክፍላችን ውስጥ ገብተው ሁላችንም እየሰማን እንዲህ አሉት፦

«አንድ ጊዜ ሂዱና ይታይ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ትመለሳላችሁ። አንድ ወላጅ፣ አንድ ብቻ፣ ልጄ አመሸብኝ ብሎ ቢያማርር ግን ይህ ነገር አበቃ። ከእንግዲህ ከግቢ መውጣት የለም።»

መምህራችን ደስታው አፉን አሳተውና በትግርኛ «ሕራይ» አላቸው። ወዲያው «እሺ ጌታዬ» ብሎ አረመው። ዲሬክተሩ እንዳልሰሙ ሆነው ወጡ።

እኔ ቤት ያለው ችግር አባቴ ነበር። አባቴ መካኒክ ነው፤ ሲናደድ በጣሊያንኛ ይሳደባል፣ ሲደሰትም በጣሊያንኛ ይሳደባል፤ ልዩነቱን እናቴ ብቻ ታውቃለች። ስለ ጉዞው ስነግረው በመጀመሪያ ሣቀ። «ወንዝ ለማየት? ውሃ አይተሽ አታውቂም?» አለኝ። ቀጥሎ ፊቱ ጠቆረ። ከከተማ ውጪ ያለው መንገድ ያስፈራዋል፤ መፍራቱን ደግሞ ማንም እንዲያውቅበት አይፈልግም። በመጨረሻ እናቴ ገብታበት ተፈቀደልኝ። «ፀሐይ ከፎርቶ ኮረብታ ጀርባ ስትገባ ቤት ካልተገኘሽ ያንን መምህርሽን እኔ ራሴ አነጋግረዋለሁ» አለኝ። አባቴ «አነጋግረዋለሁ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ሰፈራችን በሙሉ ያውቃል።

መስቀል ካለፈ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ጠዋት ተነሣን። አውቶቡሱ እስከ መጨረሻው ፌርማታ አደረሰን፤ ከዚያ በእግር ነው። እያንዳንዳችን አንድ አንድ ባዶ ብልቃጥ ይዘናል፤ ከአሜሪካኖቹ ጦር ሰፈር ከቃኘው የሚወጣውን የማዮኔዝ ብልቃጥ አጥቦ የሚሸጥ አንድ የወሎ ሰው ገበያ ላይ ነበረና ከእሱ ነው የገዛናቸው። ምንም ቢታጠብ ክዳኑ ያንን የማዮኔዝ ሽታ አይለቅም። በየቦርሳችን ቲማቲም የተቀባ ባኒ ዳቦ አለ፤ አንዳንዱ ሻሂ በጠርሙስ ይዟል። የመጨረሻዎቹን ቤቶች እንዳለፍን መምህራችን ቆመና ወደ ኋላ ዞሮ ከተማውን አየ፤ ቀጥሎም እኛን አየና «በሉ፣ ሕጂ ተዛረቡ» አለን፤ አሁን ተናገሩ ማለቱ ነው። ግቢ ውስጥ አፋቸውን ከፍተው የማያውቁ ልጆች ሁሉ በአንዴ በትግርኛ መጮህ ጀመሩ። ክፍል ውስጥ ዲዳ ይመስለኝ የነበረ አንድ ልጅ እንዲህ ቀልደኛ መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ወንዙ ጋ ደረስን። ትልቅ ወንዝ አልነበረም፤ ሰፊው ቦታ ላይ እንኳ ሮጦ መዝለል ይቻላል። ግን ክረምቱ ገና ከመውጣቱ ስለሆነ ግራና ቀኙ ለምለም ሣር ነው፤ ወገብ ይደርሳል። ቄጤማው ውሃው ላይ ተደፍቷል። አንድ ትልቅ ሾላ ሥሩን ከዳርቻው አውጥቶ ውሃው ውስጥ ነክሮታል። የከተማ ልጅነቴ ያን ያህል አረንጓዴ ነገር በአንድ ቦታ አይቶ አያውቅም።

ሣሩ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ትንሽ የድንጋይ ክምር ነበር፤ ከላዩ የደረቀ የእሾህ ቅርንጫፍ ተቀምጦበታል። የመንደር ልጅ የሆነ ሁሉ ትርጉሙን ያውቃል። ሕዛእቲ ነው፤ ሣሩ እስኪደርስ ከብት እንዳይገባበት የመንደሩ ሰው የዘጋው መስክ። መምህራችን አየውና ፈገግ አለ። በእሱ መንደር ሕዛእቲ የሚከፈተው በመስቀል ነው፤ መስቀል ደግሞ አልፏል። ቅርንጫፉ ከክረምቱ የተረሳ መሰለው። ብድግ አድርጎ ወደ ጎን አስቀመጠውና «ግቡ» አለን።

ገባን። ከዚያ በኋላ የነበረውን ደስታ እንዴት ብዬ ልጻፈው! በደረታችን እንድንተኛ አዘዘንና በሣሩ ሥር ያለውን ዓለም አሳየን። ጭራቸው ገና ያልወደቀላቸውን የእንቁራሪት ልጆች በብልቃጥ ቀድተን አየናቸው፤ አይተንም መልሰን ለቀቅናቸው፤ ይዘን መሄድ ክልክል ነው ብሎናል። አንዱ ልጅ የወፍ ጎጆ አገኘና ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥ አድርገን በተራ አየን። መምህራችን እጄን ይዞ ከሾላው ሥር አስገባውና «ምን ይዘሻል?» አለኝ። አፈር አልኩት። «ያ አፈር ሥሩ ባይይዘው ዛሬ ከረን ነበር» አለኝ። ሣቅሁ፤ ግን እጄን ቶሎ አላወጣሁም። ቀዝቃዛ፣ እርጥብ፣ ጠንካራ ነበር። ሕይወቴን በሙሉ ካስተማሩኝ ነገሮች ሁሉ በእጄ የተማርኩት ያ ብቻ ይመስለኛል።

እኛ እንዲህ ስንደሰት ሣሩ ተደፋ። ስንሮጥበት፣ ስንተኛበት፣ ስንላፋበት ዋልን። የሕዛእቲው ጠባቂ ከላይ ከመንደሩ ቁልቁል እየሮጠ ሲመጣ ያየነው ዘግይተን ነው፤ ጋቢው ከትከሻው ወድቆ በአንድ እጁ ይጎትተዋል፤ በሌላው ዱላ ይዟል።

«ናይ መን ኢኹም?» ብሎ ጮኸ። የማን ናችሁ ማለቱ ነው።

ያ ቀልደኛ የሆነው ልጅ «ናይ ኣስመራ!» አለው። ጠባቂው አልሣቀም።

መምህራችን ቀረበና በአክብሮት ሰላምታ ሰጠው፤ መስቀል ስላለፈ የተከፈተ መስሎት እንደሆነ አስረዳው። ጠባቂው ሰምቶ ጨረሰና ራሱን ነቀነቀ። «በእናንተ መንደር መስቀል ይሆናል» አለው። «እዚህ ግን የታቦታችን ንግደት፣ ክብረ በዓሉ፣ በጥቅምት ነው። እስከዚያ አንዲት ፍየል አትገባም። የእኔም ላም አትገባም፤ የቄሱም አትገባም።»

መምህራችን ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታው ተሰማ፤ ሕጉ ግን ሕግ ነው። ሕዛእቲ ውስጥ የተገኘ ሁሉ በረት ይገባል፤ ባለቤቱ መጥቶ፣ ሽማግሌዎች ፊት ቆሞ፣ የእኔ ነው ብሎ እስኪወስደው ድረስ አይወጣም። መምህራችን ከት ብሎ ሣቀና «እንግዲያው ባለቤቱ እኔ ነኝ፤ ልጆቹን ያመጣኋቸው እኔ ነኝ» አለ።

«አንተማ እረኛ ነህ» አለው ጠባቂው። «እረኛም አብሮ ይገባል። ባለቤቱ ይምጣ።»

አሁን የሚያነብ ሰው መምህራችን ለምን እምቢ ብሎ ይዞን አልሄደም ይል ይሆናል። እምቢ ማለት አይችልም ነበር። አባቱ በመንደሩ ሕዛእቲ ጠባቂ ነበር፤ እሱም ያደገው በዚያ ሕግ ነው። ሊያስተምረን የመጣውን ነገር ራሱ ረግጦ መሄድ አልሆነለትም። ብልቃጦቻችንን ሰብስበን፣ ጠባቂው ከብት እንደሚነዳ ከኋላችን እየተከተለን፣ ወደ መንደሩ ወጣን።

በረቱ በድንጋይ ካብ የተከበበ ነው፤ ከብቶቹ ለግጦሽ ስለወጡ ባዶ ነበር። ትተውት የሄዱት እበት ግን አልጎደለም፤ በኋላ ጫማዬን እስኪበቃኝ አጠብኩ። በመጀመሪያ ጨዋታ መስሎን ነበር። «እምቧ» የማይል ልጅ አልነበረም። የመንደሩ ሴቶች በካቡ ላይ እያዩን አፋቸውን ይዘው ይሥቃሉ፤ ቆሎና ውሃ አቀበሉን፤ አንዷ የኔን ጉንጭ ነካ አድርጋ «አይ እዚኣ ምራኽ» አለችኝ፤ አይ ይቺ ጥጃ። ጠባቂው በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ወተት ይዞ በብስክሌት ወደ ከተማ ለሚወርድ ሰው መልእክት ሰጠ፦ ትምህርት ቤቱ ሄዶ ለትልቁ ሰውዬ ይንገር፣ ከብቶቹ እኛ ጋ ናቸው ይበለው።

ሣቁ እያለቀ ሲሄድ መምህራችንን አየሁት። የበረቱ በር ጋ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፀሐይዋን ያያል። እኛን ሲያይ ፈገግ ይላል፤ ወደ ሰማይ ሲዞር ፈገግታው የለም። ሁላችንም ነገሩ ገባን። ፀሐይ ሳትጠልቅ መድረስ አይቻልም። ካልደረስን ወላጆች ይመጣሉ። ከመጡ ያማርራሉ፤ የመጀመሪያው ደግሞ የኔ አባት ነው። እንግዲህ ዓመት ሙሉ የተለመነው ነገር በመጀመሪያው ቀን ሊያልቅ ነው። ልጆቹ ዝም አሉ። እሱ ዝምታችን ስላላስቻለው ተነሥቶ እዚያው በረት ውስጥ ማስተማር ጀመረ፤ ይህ ሕዛእቲ ባይዘጋ ኖሮ በክረምት ከብቱ ዳሩን እንዴት እንደሚያፈርሰው፣ ዳሩ ሲፈርስ ውሃው እንዴት እንደሚደፈርስ። እጁ እንደ ልማዱ አላርፍም አለ። ድምፁ ግን ወርዶ ነበር። በጣም አሳዘነኝ። አቅፌ ባጽናናው ደስ ይለኝ ነበር፤ ሆኖም የዚያን ዘመን ልጃገረድ መምህሯን አታቅፍም።

ዲሬክተሩ የደረሱት ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ነው። ሰይቸንቶ መኪናቸውን አስፋልቱ ዳር አቁመው በማሳው መካከል በእግራቸው መጡ። ያ ፊት የሚያሳይ ጫማ በአቧራ ነጥቷል። በረቱ ጋ ሲደርሱ ከካቡ በላይ የተደረደሩትን ራሶቻችንን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩ። መምህራችን ብድግ አለ። አንድ ቃል አልተናገሩትም። «አማርኛ በደንብ የምታውቀው ያቺ ልጅ የት አለች?» አሉ። ከበረቱ ወጣሁ።

ሽማግሌዎቹ ከመንደሩ መካከል ካለው ዋርካ ሥር ተቀምጠው ነበር። ለዲሬክተሩ የሚቀመጡበት ድንጋይ ላይ ጋቢ አነጠፉላቸው። እኔ በመካከል ቆምኩ። በዕድሜም በአነጋገርም ከሁሉ የሚበልጡት ሽማግሌ በቀስታ ጀመሩ። የእንግዳውን ጤና ጠየቁ፣ የመንገዱን ድካም ጠየቁ፣ የሚስትና የልጆቻቸውን ደኅንነት ጠየቁ። ይህንን ሁሉ ተረጎምኩ። ዲሬክተሩ ስለ ልጆቻቸው ሲጠየቁ ትንሽ ቆዩና «ይመስገነው፣ ደኅና ናቸው» አሉ። ከዚያ ሽማግሌው ወደ በረቱ አመለከቱና ጠየቁ፦

«ናይ መን እዮም?»

«የማን ናቸው ይላሉ» አልኳቸው።

ዲሬክተሩ ኮታቸውን አስተካከሉ። «የመንግሥት ተማሪዎች ናቸው» አሉ።

ተረጎምኩ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ትልቁ አልተቆጡም፤ የሚያስቡ መሰሉ። ከዚያ ሳይቸኩሉ የተናገሩትን ስሰማ ወዲያው አልተረጎምኩም፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር በአደባባይ መተርጎም የሚያስፈራ ነበርና። ግን ዲሬክተሩ «ምን አሉ?» ብለው አፈጠጡብኝ።

«መንግሥት ሩቅ ነው ይላሉ። መንግሥት ይምጣና ይውሰዳቸው፣ እስኪመጣ እዚሁ ይደሩ፤ እናበላቸዋለን፣ ክፉ አይነካቸውም። ባለቤት ግን ሰው ነው መሆን ያለበት፤ ሰው የእኔ ናቸው ይበል ይላሉ።»

 ዲሬክተሩ ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። ፊታቸው ቀልቶ ነበርና። ወደ በረቱ አዩ። በዕድሜ ከሁላችን የሚያንሱት ማልቀስ ጀምረው ነበር፤ መምህራችን አንዱን ልጅ አንሥቶ ካቡ ላይ አስቀምጦታል፤ ጀርባውን ይደባብሰዋል። ዲሬክተሩ ለረጅም ጊዜ አዩዋቸው። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፣ ሽማግሌዎቹ እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የእኔ ናቸው በእናንተ ቋንቋ እንዴት ይባላል?» አሉኝ።

መልሱን ለመናገር ፈራሁ። በእሳቸው ፊት ትግርኛ ተናግሬ አላውቅም፤ ግቢ ያስጠርጋል። «ንገሪኝ እንጂ» አሉኝ። ነገርኳቸው። ደግመው በከንፈራቸው አሉት። ተነሡ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ለሽማግሌው ጎንበስ አሉና እንዲህ አሉ፦

«ናተይ እዮም።»

ሽማግሌው «ኩሎም?» አሉ።

«ሁሉም? ይላሉ» አልኩ።

ዲሬክተሩ ተርጉሜ ሳልጨርስ «ኩሎም» አሉ፤ በባርኔጣቸውም መጀመሪያ ልጆቹን፣ ቀጥሎ መምህራችንን አመለከቱ። ሽማግሌዎቹ በአንድነት ተነሡ። መቀጮ የሚባል ነገር አልተነሣም። ባለቤት ካላቸው ይሂዱ ተባለ፤ ትልቁም ሽማግሌ የዲሬክተሩን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው መረቋቸው፣ ሕዛእቲው ሲከፈትም ከልጆችዎ ጋር ይምጡ አሏቸው። ያንን ስተረጉም «ከልጆችዎ ጋር» የሚለውን ሁለት ጊዜ ደገምኩት።

አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ፀሐይዋ ገብታ ነበር። ከከረን አካባቢ ብርቱካን ጭኖ የሚመጣ የጭነት መኪና ዲሬክተሩ አስቆሙና ላዩ ላይ ወጣን። መምህራችን ሊያነጋግራቸው ሲቀርብ «ሰኞ እንነጋገራለን» ብቻ አሉት። መኪናው ተነሣ፤ ሰይቸንቶዋ መብራቷን አብርታ ከኋላችን ተከተለች። ሾፌሩ ደግ ሰው ስለነበረ ብርቱካን ብሉ ብሎናል፤ በልተን እጃችን ተጣበቀ፤ ግን የዘፈነ የለም። «መምህር፣ እኔ አባቴን እለምነዋለሁ» አልኩት። «አባትሽ እውነቱን ነው» አለኝ። ብርቱካን ልጦ ሰጠኝ፤ እሱ ግን አልበላም።

የትምህርት ቤቱ በር በሰው ተሞልቷል። የመንገዱ መብራት በርቷል። እናቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። አባቴ ከፊት ነው፤ ሰማያዊ ቱታውን እንኳ አላወለቀም፣ እጁ ግሪስ እንደሆነ ነው። መኪናው ሳይቆም «መምህሩ የታለ?» ብሎ ጮኸ። እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም። የተናደደ ይመስል ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ፍርሃት ነው፤ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ብቻውን ሲፈራ የዋለ ሰው ነው።

መምህራችን ዘሎ ወረደ። አልሸሸም። ቀጥ ብሎ ወደ አባቴ ሄደና «እኔ ነኝ» ማለት ሲጀምር ዲሬክተሩ ከሰይቸንቶዋ ወጥተው በሁለቱ መካከል ገቡ።

«እኔ ነኝ ያስመሸኋቸው» አሉ፤ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለው። «መምህሩ ያለ እኔ ፈቃድ አንድ እርምጃ አልሄደም። ልጆቹ የእኔ ናቸው። የሚወቅስ ካለ እኔን ይውቀስ፤ ሰኞ ቢሮዬ ክፍት ነው።»

አባቴ አማርኛ እምብዛም አይገባውም። እኔን ፈልጎ አገኘኝና ክንዴን ያዘ። «እንታይ ይብል ኣሎ?» አለኝ። ምን እያለ ነው?

«ያስመሸኋቸው እኔ ነኝ ይላሉ» አልኩት። «የእኔ ናቸው ይላሉ፣ አባ። ልጆቹ የእኔ ናቸው ይላሉ።»

አባቴ ዲሬክተሩን አያቸው። የነጣውን ጫማ አየ፣ ጭቃ የነካውን ሱሪ አየ።  ክንዴን የያዘው እጅ ጠበቀብኝ፤ እስከ ሳምንት የግሪሱ ምልክት ከሸሚዜ አልለቀቀም።

«ንገርዮ» አለኝ። «ናተይ'ውን እያ በልዮ።»

ወደ ዲሬክተሩ ዞርኩ። «የእኔም ናት በያቸው ይላል» አልኩና አለቀስኩ።

ዲሬክተሩ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። «ናት እንጂ» አሉ። «በይው፣ ናት እንጂ።»  ወላጆች ልጆቻቸውን ከጭነት መኪናው ላይ አንድ በአንድ እያወረዱ በጨለማው ይዘው ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት ዓይኔን ከዲሬክተሩ ቢሮ በር አልነቀልኩም፤ ከመቀመጫዬ በመስኮት ይታየኛል። ክፍሉ ሁሉ እንደ እኔ ነበር። መምህራችን ስለ ምን እንዳስተማረን የሚያስታውስ ቢኖር ይገርመኛል። ከወላጆች አንድም ሰው አልመጣም። የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሊያልቅ ሲል ዲሬክተሩ ራሳቸው ከቢሯቸው ወጥተው፣ ግቢውን አቋርጠው፣ የክፍላችንን በር ከፈቱ። ብድግ አልን። ጫማቸው እንደገና ፊት ያሳያል። እኛን አላዩንም፤ እሱን አዩና «የሚቀጥለው መቼ ነው?» አሉት።

መምህራችን ጠመኔውን እንደያዘ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዞረ። ትከሻው ተነቃነቀ። ቆይቶ፣ ወደ እኛ ሳይዞር፣ «የመንደሩ ንግደት ሲያልፍ» አለ።